ተከላካይ ሲያወራ

ዛሬ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ተከላካይ ልሁን ያለ አንድም አልነበረም። ሁሉም አጥቂ!

ያኔ የቀድሞው የኤሲ ሚላን አሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ የሚያወራው ልምምድ ትዝ አለኝ። ተከላካዮቹን ባሬሲን፣ ማልዲኒን፣ ታሶቲንና ኮስታኩርታን ከበረኛው ጋር ያቆምና፣ አጥቂዎቹ ጉሊትና ቫን ባስተን ያሉበትን አስር ሰው ይለቅባቸዋል። አምስት ለአስር፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ኳስ የተነጠቀ ወደ ራሱ ክልል ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። አንድም ቀን አልገባባቸውም ይላል ሳኪ።

ይሄው የኋላ መስመር ነው እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው።

አጥቂ ያለፈውን ሲያነሳ ስለ ጎሉ ያወራል። ተከላካይ ግን ሥራው የጋራ ስለሆነ አጠገቡ የነበረውን ሰው ሳይጠራ አያልፍም። በጣም ደስ ይለኛል ይሄ ነገር።

እስቲ እናንተስ? ከምትደግፉት ቡድን የማትረሱት የተከላካይ ጥምረት የማንና የማን ነው?