ሳጥን ውስጥ የቀሩ አውሮፕላኖች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1939 የሶቪየት ቦምብ ጣዮች ሄልሲንኪን መደብደብ ሲጀምሩ ፊንላንድ የነበሯት ዋነኞቹ ተዋጊ አውሮፕላኖች 36 ያህል ፎከሮች ነበሩ። ሕዝቧ አራት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ዓለም አዘነላት፣ አጨበጨበላት፣ ገንዘብም አዋጣላት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ የሚያርረው ግን ለማዳን ጊዜ እንደነበረ ስለማውቅ ነው።

ጊዜው እውነትም ነበር። ዲሴምበርንና ጃንዋሪን ፊንላንዶች ብቻቸውን ይዘውታል። በካሬልያ ልሳነ ምድር ላይ የማነርሃይም የመከላከያ መስመር አልተሰበረም፤ ሱኦሙሳልሚ ጫካ ውስጥ በበረዶ መንገድ ላይ የተሰለፉ የሶቪየት ክፍለ ጦሮች ተቆራርጠው አለቁ። ሞስኮ ደንግጣ ጦሯን እንደገና ማደራጀት ነበረባት። ታላቁ ማጥቃት የተጀመረው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በር ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። በዚያ በር ማን ገባ?

የብሩስተሮቹ ነገር ከሁሉም ያንገበግበኛል። ፊንላንድ 44 ብሩስተር ተዋጊ አውሮፕላን ከአሜሪካ ለመግዛት የተዋዋለችው ዲሴምበር 1939 ነው። አውሮፕላኖቹ ተፈታተው በሳጥን ታሽገው በመርከብ ኖርዌይ ደረሱ፤ ከዚያ በባቡር ወደ ስዊድን፣ ትሮልሄታን ተጓዙ፤ እዚያ ክንፋቸው እየተገጠመ፣ ሞተራቸው እየተፈተሸ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ፊንላንድ ሲገቡ ማርች ሆኗል። ጦርነቱ ማርች 13 ቀን 1940 ሲያበቃ ጥቂቶቹ ብቻ ደርሰው ነበር፤ አንዳቸውም ለውጊያ አልበቁም። እነዚሁ አውሮፕላኖች በቀጣዩ ጦርነት ከ400 በላይ የጠላት አውሮፕላን እንደጣሉ በፊንላንድ አየር ኃይል መዝገብ ሰፍሯል። በጃንዋሪ ቢደርሱ ኖሮ!

ከጣልያን የተገዙት 35 ፊያት ተዋጊ አውሮፕላኖችም እንዲሁ መንገድ ላይ ተጉላሉ። ከሞስኮ ጋር የተዋዋለችው ጀርመን በግዛቷ እንዳያልፉ ከለከለች። አሜሪካ ደግሞ የ10 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደች፤ ነገር ግን በገንዘቡ መሣሪያ አይገዛበትም። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ዕዳዋን ሳታቋርጥ ስትከፍል ለቆየች አገር፣ ጥይት በጨረሰችበት ክረምት የተሰጣት መልስ ይህ ነበር።

ማንም አልረዳም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳይ 30 ሞራን፣ እንግሊዝ 30 ግላዲያተር ተዋጊ አውሮፕላኖችን ልከዋል። ከስምንት ሺህ የማያንሱ ስዊድናውያን በፈቃዳቸው ዘመቱ፤ አብራሪዎቻቸውም በ12 ግላዲያተሮች የሰሜኑን ሰማይ ጠበቁ። እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናውቃቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም ነበሩበት። በጣልያን ወረራ ጊዜ አገራችን ላይ ለቀይ መስቀል ያበሩት፣ በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩት ሰው፣ አንድ ዲሲ 2 የመንገደኞች አውሮፕላን ለፊንላንድ ገዝተው፣ ቦምብ እንዲሸከም ተደርጎ ሲለወጥ ራሳቸው አበረሩት። አንድ ግለሰብ ይህን ያህል ሲቆርጥ መንግሥታቱ ገና ይመክሩ ነበር።

ምክራቸውንም እናውቀዋለን። በ1936 ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ አቤት ያሉበት የመንግሥታት ማኅበር፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1939 ሶቪየትን ከአባልነት አባረረ። ጣልያንን አላባረረም ነበርና በዚህ እንኳ ፊንላንድ ከኛ ትሻላለች። ግን የማባረር ውሳኔ ታንክ አያቆምም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በናርቪክ በኩል ጦር እንልካለን ብለው ሳምንታት ፈጁ፤ ኖርዌይና ስዊድን ማለፊያ ከለከሉ። የዕቅዱ ዓይን ደግሞ ፊንላንድ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጀርመን የምትጠቀምበትን የሰሜን ስዊድን የብረት ማዕድን መያዝም ይፈልግ ነበር። ጥሪ አቅርቡ፣ እንመጣለን የሚለው ግፊት የበረታው በማርች መጀመሪያ፣ በማነርሃይም መስመር ላይ ያለው የሱማ ግንባር ተሰብሮ የቪፑሪ ከተማ ልትከበብ ስትል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ተኩሱ ሲቆም የቪፑሪ መሐል ከተማ ገና በፊንላንዶች እጅ ነበር። በሰላም ውሉ ግን ለሶቪየት ተላልፎ ተሰጠ። 25 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፤ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ፣ ከብቱን እየነዳ በበረዶ ላይ ተሰደደ። በፓሪስ የዳላዲየ መንግሥት ፊንላንድን አላዳነም ተብሎ በዚያው ወር ወደቀ። ለካሬልያ ገበሬ ምን ይረባዋል?

ይህ ሁሉ ያስከተለው ደግሞ የባሰ ነው። ብቻዋን የቀረችው ፊንላንድ የጠፋባትን መሬት ለማስመለስ በጁን 1941 ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ወጣች። ግላዲያተር የላከችላት እንግሊዝም ዲሴምበር 6 ቀን 1941፣ በፊንላንድ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ጦርነት አወጀችባት።