እሑድ ማታ የሚጀምር ትምህርት

በኢትዮጵያ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከገጠሩ መሀል ሳይሆን ከወረዳው ከተማ ዳር ነው። አንደኛ ደረጃ በየቀበሌው አለ፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምረው ግን አንድ ትምህርት ቤት የብዙ ቀበሌ ልጆችን ይሰበስባል። ስለዚህ 8ኛ ክፍልን ጨርሶ 9ኛ የሚገባ የገጠር ልጅ ክፍል ብቻ አይቀይርም፤ ከቤት ይወጣል። ቤቱ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ በየቀኑ ይመላለሳል። ከዚያ ከራቀ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል፤ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቱ ራሱን አብስሎ የሚያበላ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያብቃቃ ሰው ይሆናል። ስለ እነዚህ ተማሪዎች ውጤት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ መነሻ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

የኪራይ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከአንድ አካባቢ የመጡ ሦስት ወይም አራት ልጆች ኪራዩን ተካፍለው ይገቡበታል፤ አንዳንዴ ወንድምና እህት፣ አንዳንዴ የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ናቸው። ግድግዳው ጭቃ ነው። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ በምስማር የተንጠለጠለ ዩኒፎርም፣ ከዩኒፎርሙ ሥር ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ስንቅ አለ። ስንቁ እንጀራ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ነው። እሑድ ከቤት የመጣው እንጀራ ረቡዕ አካባቢ መሻገት ይጀምራል፤ ሐሙስና ዓርብ የድርቆሽና የበሶ ቀኖች ናቸው። ማታ መብራት ካለ በአንዱ አምፖል ሥር አራቱም ያጠናሉ። ከሌለ ኩራዝ ወይም በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ ፋኖስ ይበራል፤ እሱም ሲደክም በተራ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው ሽሮውን ያማስላል።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ባዶው ከረጢት ተጣጥፎ ደብተር መሀል ይገባና ጉዞ ወደ ቤት ይሆናል። ቅዳሜ ዕረፍት አይደለም። በእርሻ ወቅት እርሻ፣ በአጨዳ ወቅት አጨዳ፣ ለሴቶቹ ደግሞ ውኃ፣ እንጨትና የሳምንቱ ጋገራ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከረጢቱ ሞልቶ ይታሰራል፤ ጨለማ ሳይበረታ ከተማ ለመድረስ መንገድ ይጀመራል። ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ተማሪ ማታውን ሸክም ተሸክሞ የመጣ ነው።

ይህ ሥርዓት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ወሎንኮሚ አጠገብ በሣር ክዳን ጎጆ ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ትምህርት ቤታቸው 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እሑድ ማታ በእግር ሄደው ሳምንቱን እዚያው ከርመው ዓርብ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። እንዲማሩ አጥብቀው የገፋፉት እናታቸው ናቸው። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ጠብቶ አዝመራውን የሚያደርቅ አረም ነው፤ ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የጅማው ትምህርት ቤት አዳሪ መሆኑ ነው። ምግብና መኝታ ያገኘ የገጠር ልጅ የሚደርስበትን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ጋሬጣ ቋንቋ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ቦታ የሌለው ልጅ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም የሚያገኘው በቋንቋው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር፤ ተማሪው «ፕላዝማ» ይለው ነበር። ለገጠሩም ለከተማውም እኩል ትምህርት ለማድረስ ታስቦ የመጣ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ግን ቆም ብሎ «ገባችሁ?» አይልም ነበር፤ ጥያቄ ጠይቆ ሰከንድ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። የክፍሉ መምህር የሚያገኘው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ ሲያልቅ፣ የዕለቱ ትምህርት ሊቀር ይችል ነበር። የላብራቶሪው ነገርም ያው ነው። ክፍሉ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ኬሚካሉ ወይ አልመጣም ወይ ጊዜው አልፏል። ጎበዝ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት በሎሚ፣ በአመድና በኮምጣጤ አሲድና ቤዝን ያሳያል፤ ተማሪውም በእጁ የሠራውን አይረሳም።

ከትምህርቱ ጎን የሚሄደው የክበባት ሥራ ነው። የስነ ጽሑፍ፣ የሳይንስ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የፀረ ኤድስ፣ የልጃገረዶች ክበብ በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ግማሾቹ ኅዳር ላይ አባል መዝግበው እስከ ሰኔ ድምፃቸው አይሰማም። የሚሠሩት ግን ሥራ ይሠራሉ።

ከክበባቱ ሁሉ በጣም የሚሰማው ሚኒ ሚዲያው፣ ማለትም ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ለግቢው የሚያቀርቡት ዝግጅት ነው። ከመምህራን ማረፊያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ማይክራፎን፣ ደጅ ምሰሶ ላይ የታሰሩ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፤ መሣሪያው በሙሉ ይኸው ነው። ዝግጅቱ የሚጻፈው ከደብተር መሀል በተገነጠለ ወረቀት ላይ ነው፤ የአማርኛ መምህሩ አይቶ በቀይ እስክርቢቶ ያርመዋል። በረጅሙ ዕረፍት ላይ ተራዋ የደረሰ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ማይክራፎኑ ፊት ትቆማለች። «ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች» ስትል ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶ ለራሷ ተመልሶ ይመጣባታል፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የምትጀምረው ትንፋሽ ወስዳ ነው። ከዜናው በኋላ ግጥም፣ ከግጥሙ በኋላ እንቆቅልሽ ይቀርባል። መብራት ሲጠፋ የሰንደቅ ዓላማው መሠረት ላይ ቆመው በባዶ ድምፅ የሚያነቡበት ትምህርት ቤትም አለ። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ የጥያቄና መልስ ውድድር ስትመራ መታየቷ ከካርድ ላይ ነጥብ የማያንስ ውጤት ነው። ካርዱ ላይ ግን ቦታ የለውም።

እንዲህ ያለው የቃል ሥራ ከገጠር ትምህርት ቤት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አሳይቷል። ቦዳ ተወልዶ አምቦ ሲማር ገና በልጅነቱ የጻፈው ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስ የሚያወራ ተውኔት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። ዛሬ በወላጆች በዓል ላይ አንሶላ ጋርዶ የሚሠራው የስነ ጽሑፍ ክበብ ድራማ የዚያው ልማድ ቀጣይ ነው።

የልጃገረዶች ክበብ ሥራ ጸጥ ያለ ነው፤ ክብደቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለሴቱም ለወንዱም 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉ ገጠር ድረስ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በክፍል ጓደኛ በኩል ነው። የሰርግ ወር በሆነው በጥር አንዲት ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ከስም ጥሪ ትቀራለች። በአንድ መንገድ የምትመጣ ጓደኛዋ በልጅቷ ቤት ለሰርጉ ጌሾ እየተወቀጠ መሆኑን ታውቃለች፤ ለክበቡ ተጠሪ መምህርት ትነግራለች። መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃሉ፤ ሽማግሌ ይላካል፣ አባትየው ይመከራሉ፣ እምቢ ካሉ ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ተሳክቶ ልጅቷ ወደ ክፍል ስትመለስ በሰልፍ ላይ የሚያጨበጭብ የለም፤ ማጨብጨብም አይገባም፣ ያሳፍራታል። ከዚህ ሌላ ክበቡ ለንጽህና መጠበቂያ ገንዘብ ያዋጣል፤ ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት እንዳይቀሩ የሚያርፉበትና የሚታጠቡበት ክፍል እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። በወር ውስጥ ሦስትና አራት ቀን የሚቀር ተማሪ በዓመቱ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያጣ ለማስላት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም።

የአካባቢ ጥበቃው ክበብ ችግኝ ያፈላል፣ ይተክላል፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት የራሱ እርሻና የባሕር ዛፍ ቦታ ስላለው ከሽያጩ ጠመኔና ወንበር ይገዛል። እርሻ የሚያውቁ ልጆች ስለሆኑ ይህን ሥራ ማንም ሳያሳያቸው ይሠሩታል።

ስፖርቱ የራሱ ታሪክ አለው። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚህችው አካባቢ ነው። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው 5,000ውንም 10,000ውንም ወስደዋል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን መጀመሪያ ያያቸው ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። ሩጫ የሚችለውን ልጅ የለየው ስታዲየም ሄዶ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ከአሰላ አካባቢ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ሮጦ በዚያው ይመለስ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። በሌሎች ወረዳዎችም ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ይወዳደራሉ፤ ለወረዳ የተመረጠው ለዞን፣ ለዞን የተመረጠው ለክልል ይሰለፋል። ማልያው የተውሶ፣ ጫማው የጓደኛ ሊሆን ይችላል። የሚጎድለው እንደ ስንታየሁ ቆሞ የሚያይ መምህር ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች በዓል ይከበራል። ጋቢ የለበሱ አባቶችና ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከሩቅ ቀበሌ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ይጠራል። ሽልማቱ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ አልፎ አልፎ መዝገበ ቃላት ነው። ስም ሲጠራ እልልታው የሚነሳው ከአንድ ጥግ ብቻ ነው፤ የዚያ ቀበሌ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠዋልና።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከዚህ ሁሉ በላይ የሚፈራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጓል። በዚያ የመጀመሪያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በተከታዩ ዙር 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በሁለተኛው ዙር ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ኩረጃ መቅረቱም ለገጠሩ ታታሪ ተማሪ ጥቅም ነው፣ የራሱ ድካም በሌላው መልስ አይዋጥበትም። ነገር ግን አንድ ወረቀት የተፈተኑት ልጆች አንድ ዓይነት ሰዓት አልተማሩም። አንዱ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ ጠግቦ አድሮ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ተዘጋጅቷል፤ ሌላው የሳምንቱን ሁለት ቀን መንገድና እርሻ ላይ አሳልፎ ነው የመጣው። ከሁለት መቶ ተፈታኞች ስድስት ያሳለፈ የገጠር ትምህርት ቤት በዝርዝሩ ራስ አይጻፍም፤ እነዚያ ስድስቱ በምን እንዳለፉ መጠየቅ ግን ለትምህርት ዕቅድ ከዝርዝሩ ራስ ይልቅ ይጠቅማል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ታታሪ የሒሳብ መምህር፣ ቅዳሜ ጭምር ከሚከፈት ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ልጁን በአዝመራ ወቅት ከሥራ ነፃ ካደረገ ቤተሰብ ላይ ይደርሳል። ሦስቱም በሌላ ቦታ ሊደገሙ የሚችሉ ናቸው።

ግማሹን ያላመጡት ሁሉ በዚያው አይቀሩም። ለግማሹ ከቀረቡት የተመረጡት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት የሚወስዱበት መንገድ ተከፍቷል፤ ሌሎች ቴክኒክና ሙያ ይገባሉ፣ ወደ እርሻ የሚመለሱም አሉ። ያለፉትም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለዕረፍት ወደ ወረዳቸው ሲመጡ በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ክፍል የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ጠመኔ ይዞ ቬክተር ያስረዳል፤ ድምፁ ከዝናቡ በላይ እንዲሰማ ይጮኻል። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ ከቬክተር ሌላ ያለውን ይጠይቁታል፤ ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ሰዓት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲኬድ ብርድ ልብስ ይያዝ እንደሆነ። እሱም ያለፈበትን ሁሉ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል።