ባዶ እጅ መመለስ

አባቴ ያረፈ ዕለት እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩም አንድ ቀን ቢሠራ ሦስት ቀን ይጠፋል። ታላቅ እህቴ መስመር ያገኘችው ቀብሩ ካለፈ በአራተኛው ቀን ነው። አልቅሳ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ መምጣቱ ካልሆነልህ ካለህበት አንድ ንጉሥ ድገምለት።»

የአገሬ የጋይንት ሰው ነገሩ ይገባዋል። ላልሰማው ልንገር፦ 150ው መዝሙረ ዳዊት ዐሥር ዐሥር ሆኖ ይከፈላል፤ ዐሥሩ መዝሙር «አንድ ንጉሥ» ይባላል። አባቴ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ሐሙስ ደግሞ ከ81 ጀምሮ እያለ ቅዳሜ 150ኛውን ያደርስ ነበር። ዳዊቱ የብራና ነው፤ በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ከራስጌው ይሰቀላል። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት የገጹ ጥግ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ፊደሉ እዚያ ጋ ደብዝዞ አይነበብም፤ እሱ ግን በቃሉ ስለሚያውቀው ችግር አልነበረበትም።

እኔ መድገም አልችልም። የቄስ ትምህርቱን መልእክተ ዮሐንስ ላይ ጥዬ አስኳላ የገባሁ ሰው ነኝ።

እምነቴን የተውሁት ከማንም ተጣልቼ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ዝናብ ቀርቶ ገብሱ እንደ ቆመ የደረቀበት ዓመት ነበር። እናቴ የእርዳታ ስንዴ ልትቀበል ሌሊት ተነሥታ ስትሄድ እያየሁ አባቴን «እግዚአብሔር ለምን ዝም ይላል?» አልሁት። «እሱ ያውቃል» አለና ዳዊቱን ገለጠ። ያ መልስ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጥያቄዬን የሚያከብሩልኝ መጻሕፍት አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ለበዓል ብቻ ሆነ፣ ኋላ እሱም ቀረ። ሃያ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

የዚያን ማታ ለሠርጋችን የተሰጠንን የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከመደርደሪያ አወረድሁ። እጄ የገለጠው ዘጠነኛውን ንጉሥ ነው፤ ከ81 እስከ 90። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። በእኛ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። የሚጸልየው ሰው ቀንም ሌትም እየጮኸ መልስ ያጣ ነው። እግዚአብሔርን ለምን ፊትህን ሰወርህብኝ ብሎ ይጠይቃል። ወዳጅ ዘመዱ እንደ ራቀበት ይናገርና እዚያው ላይ ያበቃል። የሚያጽናና ቃል አይከተለውም።

ይህ የሐሙስ ንባብ ነው። ለካ አባቴ በየሐሙሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ የእኔን ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሯል! በግእዝ ስለሚያዜመው አልሰማሁትም እንጂ። «እሱ ያውቃል» ያለኝ ጥያቄዬን ሊያፍን መስሎኝ ነበር። ዳዊቱን መግለጡ ራሱ መልሱ ነበር፤ ለእኔ «ና፣ አብረን እንጠይቀው» ማለቱ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ማንበቡን አልተውሁም። አንድ ቀን መጽሐፈ ሩት ላይ ደረስሁ። ታሪኩ የሚጀምረው በረሃብ ነው፤ ያውም በቤተልሔም። ቤተልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በእንጀራ ቤት እንጀራ ጠፋና ኑኃሚን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች።

እኛም ቤተልሔም አለችን። ከቤተልሔም፣ ከአቻብር፣ ከቆማና ከተጉለት የዜማ ቤቶች የድጓው ማስመስከሪያ የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ ተማሪዎች ከየአገሩ ይመጡባታል። በዚያው አገር ገብሱ ሲከዳው ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ይወርዳል። ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ያልወረደ ቤት ጥቂት ነው። የኑኃሚንን ታሪክ ሳነብ የሩቅ አገር ታሪክ አልሆነብኝም።

ኑኃሚን ባሏንም ልጆቿንም ቀብራ ስትመለስ የቤተልሔም ሴቶች እሷነቷን ተጠራጠሩ። እሷም ስሜ ማራ ይሁን፣ እግዚአብሔር ሕይወቴን መራራ አደረገብኝ፣ ሞልቼ ወጥቼ ባዶዬን መለሰኝ አለች። የተመለሰችው እያማረረች ነው። ማንም አልገሠጻትም፤ ከከተማው በር ላይም የመለሳት የለም። የደረሰችውም የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነበር።

ከዚያ ቃርሚያው አለ። ምራቷ ሩት ከአጫጆች ኋላ ስትቃርም የማሳው ባለቤት ቦዔዝ ሠራተኞቹን ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ጣሉላት ይላቸዋል። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍሁት። አባቴ ገብስ ስናጭድ «ጥግ ጥጉን ተዉት፣ አትልቀሙት» ይለን ነበር። እኔ ብክነት ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ባል የሞተባቸው ጎረቤቶቻችን መጥተው ይቃርሙት እንደ ነበር ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ሳልከፍተው ሃያ ዓመት የኖርሁት መጽሐፍ በአባቴ ማሳ ላይ ተጽፎ ነበር።

ጥያቄዬ ሁሉ ተመልሷል አልልም። ያ ደረቅ ዓመት ዛሬም ያመኛል። አሁን ግን ጥያቄዬን ሰው በሌለበት አላሰማም፤ ሐሙስ ሐሙስ ለሚገባው አቀርባለሁ።

«ይህን ያህል ዘመን ርቄ በየትኛው ፊቴ እመለሳለሁ?» ለምትሉ አንድ ቃል አለኝ። እስኪሞላላችሁ አትጠብቁ። ምሬታችሁንም ደጅ ጥላችሁ እንድትገቡ የሚያዝዛችሁ የለም። መጽሐፈ ሩት አራት ምዕራፍ ናት፤ በአንድ ምሽት ታልቃለች። ዛሬ ማታ አንብቧት። አባት ያላችሁ ደግሞ ዳዊቱን ሲገልጥ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ምን እያለ እንደሆነም ጠይቁት።