የሰንጋ ተራ እርግብ

ልጅ ሳለሁ በኪሴ አጋዘን ይዤ እዞር ነበር፤ አጋዘን መሆኑን ግን አላውቅም። ቢጫዋ አስር ሳንቲም በአንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ፊቷ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ ነበረባት። ሰንጋ ተራ ያደግን ልጆች እንስሳውን «ፍየሉ» እንለው ነበር። ኳስ ስንጫወት የቱ ቡድን እንደሚጀምር የምንለየው ያቺን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን ነው፤ ግማሹ «አንበሳ» ይላል፣ ግማሹ «ፍየል»። በአንድ ሳንቲሟ ላይ ደግሞ ገበሬ በሁለት በሬ ያርሳል። አንድ ቀን ለአባቴ አሳየሁትና «የሰፈራችን ሰንጋ ይኼ ነው?» አልኩት። ሳንቲሟን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አያት። «አይደለም ልጄ፤ ይኼ የሚያርስ በሬ ነው። ሰንጋ ማለት ተቀጥቅጦ ለገበያ የደለበ ነው» አለኝ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ከደለበው ከብት ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ገበያው የለም፤ ሰንጋውን በየቀኑ የሚጠራልን የታክሲ ረዳት ብቻ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ ባሌ ሄድኩ። ዲንሾ አድሬ በማለዳ ከቤት ስወጣ ብርዱ ፊቴን ቆነጠጠኝ። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር፣ በቅሎ የሚያህል እንስሳ ቆሞ ያየኛል። መልኩ ግራጫ ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ጎኑ ላይ ጥቂት ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት አለበት። ቀንዱ አንዴ ተጠምዝዞ ሽቅብ ይወጣል። «አስር ሳንቲም!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ። አብሮኝ የነበረው የፓርኩ ጥበቃ ዞር ብሎ አየኝና «የደጋ አጋዘን ነው» አለ በእርጋታ። «ከእኛ ተራሮች በቀር የትም አገር የለም።» አጋዘኑ አልሸሸም። ሣሩን እየቀነጠበ ቀስ ብሎ አለፈን፤ እኔ ግን ከቆምኩበት መነቃነቅ አቃተኝ። ስንት መቶ ጊዜ ወደ ላይ ወርውሬዋለሁ! ስንት ጊዜ ለከረሜላ ሰጥቼዋለሁ!

የደጋ አጋዘን የሚኖረው በባሌ፣ በአርሲና በሐረርጌ ከፍታዎች ብቻ ነው። የባሌ እረኛ ሲያውቀው ስንት ዘመኑ ነው፤ የአውሮፓ ሳይንስ ግን የደረሰበት በጣም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ሲያገኘው ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥ እስከ ዛሬ ያለውም የዚያ አዳኝ ስም ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁ፤ ያቺ የዲንሾ ማለዳ ትዝ አለችኝ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት ከዚያ ቀን ወዲህ ስሰማው ሌላ ነገር ይነግረኛል። የእኔ ወርቅ በእርግጥም ናስ ሆኖ በእጄ ነበር። የእውነት ወርቅ የሆነውን ያገኘው ዋልያ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ መታሰቢያ ከወጡት ሳንቲሞች መካከል የ600 ብሩ፣ የወርቁ፣ ዋልያ ነበረበት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ውስጥ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው። ቻይናዎች ከእነርሱ አገር በቀር በዱር የማይገኘውን ፓንዳቸውን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በወርቅ ሳንቲም ላይ ሲቀርጹ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ቆጠራም በዱር ያሉት 1,864 መሆናቸውን ለዓለም ተናገሩ። እንዲህ ተግተው መቁጠራቸው ያስቀናኛል። እኛ ስም በመስጠት አንታማም። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ነው፤ ቢራ ዋልያ ተብሏል፤ ኢንሹራንሱም ሲጋራውም ኒያላ ተብሏል። ኒያላ ማለት ግን ያ የአስር ሳንቲሙ አጋዘን መሆኑን በጎልማሳነቴ ነው ያወቅኩት። አጠገቤ ሲጋራ ሲያጨሱ ከኖሩት ትልልቅ ሰዎች አንዱም አልነገረኝም፤ ምናልባት እነርሱም አያውቁም ነበር።

እነዚህን እንስሳት በአማርኛ «ብርቅዬ» እንላቸዋለን። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ፍቅር አለበት። ነገር ግን ብርቅ የምንለው እምብዛም የማይገኘውን ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ብርቅ ነው፤ በድርቅ ዘመን የወረደ ዝናብ ብርቅ ነው። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው፦ በአንድ አገር ብቻ የሚኖር። ቀይ ቀበሮ ሁለቱንም ነው፤ ከእኛ ደጋዎች ውጭ የለም፣ ያሉትም ለአቅመ መውለድ የደረሱት 500 አይሞሉም፣ ከእረኛ ውሻ የሚመጣ አንድ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ የአንድን ሸለቆ ቀበሮዎች አብዛኛውን ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን በአንድ አገር ብቻ እየኖረ፣ በዚያ አገር ግን በየጣራው የሚታይ ፍጡርም አለ። «ብርቅዬ» ሲባል ልባችን ወደ ስሜንና ወደ ባሌ ይሄዳል፤ ወደ ገዛ ጣራችን ቀና የሚል ዓይን የለንም።

እኔንም ቀና ያደረገችኝ እርግብ ናት። እናቴ ገብስ ስታበጥር ከጓሮአችን አጥር ላይ የሚኮለኮሉት እርግቦች መልካቸው አመድማ፣ ማጅራታቸው ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የተጠመጠመ ነጭ ነበረባቸው። ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ሌላ ነጭ ብልጭ ይላል። «እማዬ፣ አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ስላት «እግዜር ያሰረላት ማተብ ነው» አለችኝ። እርግብ ሁሉ ማተብ ያለው መሰለኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ የወፍ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያቺ ባለማተብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ እንደሌለች አነበብኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ብርቅዬዋ ከእናቴ ሰፌድ የወደቀ ገብስ ስትለቅም ነበር።

ስም ያወጣላት ከፍራንክፈርት የመጣው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ስሜንና ጎንደር ዘልቆ ያየውን ሁሉ መዘገበ። ዋልያን «ካፕራ ዋሊ» ሲለው፣ ጭላዳን «ጌላዳ» ሲለው፣ የአገሬውን ሰው ቃል ወደ ሳይንስ አስገባው፤ ዛሬ በዓለም ያሉ የእንስሳት ሊቃውንት ሁሉ ሳያውቁት አማርኛ ይናገራሉ። እርግቢቱን ግን እ.ኤ.አ. በ1837 «ኮሉምባ አልቢቶርክዌስ» አላት፤ ባለ ነጭ የአንገት ቀለበት እንደማለት ነው፤ ቃሉ በሙሉ የላቲን ነው። ለምን ይሆን? እንደሚመስለኝ ሲጠይቃቸው የመለሱለት «እርግብ ናት» ብለው ነው። ዋልያ የራሱ ስም ነበረው፣ ጭላዳ የራሱ ስም ነበረው፤ እርግቢቱ በየቤቱ ስላለች ለብቻዋ ስም ያሰበላት የለም። እናቴ ትሻላለች፤ ቢያንስ ማተብ መሆኑን አይታለች።

ያው ሩፔል ትልቁን ቁራችንንም መዝግቧል። ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ከራሱ ኋላ ነጭ ያለበት፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኝ ቁራ። ሥጋ ቤት ባለበት አይጠፋም። ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ሳይመለስ ስለቀረ እስከ ዛሬ የተላከበት የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንላለን፤ እርግብ ደግሞ የወይራ ቅጠል ይዛ መጣች። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሱ የ200 ብር ኖት ሲወጣም ያቺው የወይራ ዝንጣፊ የያዘች እርግብ አለችበት። ኖቱን እጄ ላይ ዘርግቼ መጀመሪያ ያየሁት አንገቷን ነው።

ከሰው ጋር ስለሚኖር ፍጡር ሳስብ መንዝ ጓሳ ይመጣብኛል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን ብርዳም ሜዳ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ቤት የሚከድነው፣ ገመድ የሚገምደው፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራው ሁሉ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆየውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። በዚያ ሣር ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል፤ አይጡ ባለበት ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳውም እዚያው ይግጣል። የመንዝ ገበሬ ሣሩን የጠበቀው ለቤቱ ክዳን ብሎ ነው። ቀበሮው የተረፈው በዚያ ክዳን ጥላ ሥር ነው። ከሰማኋቸው የጥበቃ ታሪኮች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ቀበሮው ብርቅ ሳይሆን ጎረቤት ነው፣ ጎረቤትም ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

የስሜን ታሪክ ይከብዳል። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከኖረበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። በዚያው ሰሞን የ40/60 ቤቶች የመጀመሪያ ዕጣ ወጣ፤ ቤቶቹ የቆሙት በክራውንና በእኛው ሰንጋ ተራ ነበር። ሁለቱን ዜና በአንድ ሰሞን ስሰማ የተለያዩ ሆነው አልተሰሙኝም። የእኛም ቤት ከዚያ በፊት ፈርሷል፤ ወደ ጀሞ ሄደናል። ለዋልያው ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ እርሻና ግጦሽ ሽቅብ እየገፋ ሲሄድ ዋልያው ከገደሉ ጫፍ ላይ ደርሶ መሄጃ አልነበረውም። ለቤት ዕጣው ባለዕድሎችም ደስ ብሎኛል። ግን የደባርቅ አዲስ መንደር ውስጥ ማለዳ ነቅቶ የለመደውን የጭላዳ ድምፅ ሲያጣ የሚደነግጥ ሽማግሌ ይታየኛል። እናቴ ጀሞ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ሰፌዷን ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች፤ ቁልቁል አየችና ተመልሳ ገባች። እድራችን ተበተነ። በሬሳ ጊዜ ድንኳን ማን ጋ እንዳለ፣ ብረት ድስቱ ማን ቤት እንደቀረ የሚያውቁ እናቶች ዛሬ በአምስት ሰፈር ተበትነዋል። እንደዚያ ያለ የሰው ስብስብ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ዛሬ ሰንጋ ተራ የባንክና የመድን ድርጅት ፎቆች ሰፈር ነው። ፈቀቅ ሲሉ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሰው ተነሣ፤ እርግቢቱ ግን አልሄደችም። መሠረቷ የገደል ወፍ ናት፤ በቋጥኝ ንቃቃት ውስጥ ነው የምትፈለፍለው። አፄ ምኒልክ ከተማዋን ሳይቆረቁሩ በፊትም ከእንጦጦ ገደሎች ቁልቁል የምታየው ይህንኑ ሜዳ ነበር። ድንጋይ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ጣራ፣ ድልድይ ሲሠራላት ለእርሷ አዲስ ገደል ነው። የሚያሳስበኝ መስተዋቱ ነው። የድሮው የድንጋይና የሲሚንቶ ሕንፃ በየመስኮቱ ግርጌ ጫፍ አለው፣ በየጣራው ሥር ቀዳዳ አለው፤ አዲሶቹ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲቷ ከመስተዋቱ ላይ ለማረፍ ስትሞክር ቆሜ አየሁ። እግሯን ትዘረጋለች፣ የሚይዛት የለም፤ ክንፏን እያርገበገበች ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሞክራለች። ፎቅ የሚነድፉ ሰዎች አንድ ስንዝር ጫፍ ቢተዉላት ሕንፃው ምን ይጎድልበታል?

ባለፈው ሳምንት ለባንክ ጉዳይ ሄጄ በንግድ ሥራ ኮሌጅ አቅጣጫ ካለ ጥላ ሥር ጫማዬን ለማስጠረግ ተቀመጥኩ። ሊስትሮው ዕድሜው ከአሥራ ሦስት አይበልጥም።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?» አለኝ።

«እርግቦቹን።»

«እርግብ አይተው አያውቁም እንዴ?»

«አንገቷን እያት። ነጭ አላት አይደል? እንዲህ ያለችው ከእኛና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም።»

«ዱባይም የለችም?»

«ዱባይም የለችም።»

«አሜሪካስ?»

«አሜሪካም።»

ዝም ብሎ ቡሩሹን ማመላለስ ቀጠለ። ቆይቶ ቀና አለና በቡሩሹ ወደ ጣራው ጠቆመ። «ያቺኛዋስ? ያቺ ነጭ የላትም።»

እውነቱን ነው። ከዳር የቆመችው ዝንጉርጉር የቤት እርግብ ነበረች። «ያቺ ሌላ ናት፤ እርሷ በየአገሩ አለች» አልኩት።

«እ...» አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ዝንጉርጉሯን እየዘለለ። ስምንት ላይ ደርሶ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ መታ፤ ሌላኛውን እግሬን አስቀመጥኩ። እጁ ቀለሙን ይቀባል፣ ዓይኑ ግን ከጣራው አልወረደም። ዘጠነኛዋ ከኮሌጁ በኩል መጥታ ስታርፍ ከእኔ ቀድሞ አያት።