በምስክርነት መካከል የሚቀረው ቀን

በእንጦጦ ማርያም ጠበል ከመጠጥና ከጫት ሱስ የተላቀቁ ወገኖች በሕዝብ ፊት ቆመው ሲመሰክሩ ሰምተን፣ እኛም ከሌላው ጋር እልል ብለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ይህች ደብር ዛሬ በሕዝብ ዘንድ ከዘውዱ ይልቅ በጠበሏ ትታወቃለች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ምስክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሁለት ቀን ነው፤ የወደቀበትን ቀንና የተነሣበትን ቀን። በመካከል ያለው ሳይነገር ይቀራል፤ ለቤተ ሰብ ይልቁንም የሚያስፈልገው ያ ነበር። ብዙ ዓመት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ያቆመ እንደ ሆነ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዱንም የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ያንዘፈዝፈዋል። ይህ መጠጡን የለመደ አካል መጠጡ ሲቀርበት የሚያመጣው ሕመም ነው፤ ሐኪም ካልደረሰለትም ሊገድል ይችላል። (ጫት የተወ ሰው እንኳ ይደብተዋል፣ ሌሊትም ዱካክ ያስጨንቀዋል እንጂ እንዲህ ያለ አደጋ አይደርስበትም።) እንግዲህ ይህ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በእንጦጦ ብርድ ከጠበሉ ሥር ቆሞ አስቡት። መንቀጥቀጡን ያየ ሁሉ «መንፈሱ ሊለቅ ነው» ይላል፤ እናቱም ተስፋ ታደርጋለች እንጂ አትደነግጥም። እኛን የሚያስፈራን ይህ ነው።

ጠበሉን ተዉ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልን። በዚሁ በእንጦጦ አንዳንድ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው በጠበል ብቻ ይጸኑ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለመጠጥ ሕሙምም የተነገረ ያህል ነው። ከሱባኤው አስቀድሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ሌላ ሐኪም ዘንድ መድረስ እምነት ማጉደል አይደለም።

ምስክርነት ራሱ ብርቱ ኃይል አለው። በ1927 ዓ.ም. አክሮን በምትባል የአሜሪካ ከተማ በመጠጥ የተጠቁ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ቀዶ ሐኪም ታሪካቸውን እርስ በርሳቸው በመነጋገር የጀመሩት ማኅበር ዛሬ ዓለምን አዳርሷል። የማኅበሩ ሰዎች የሚመሰክሩት ግን ድነን ጨረስን ብለው ሳይሆን፣ ዛሬን አልጠጣንም ብለው ነው።

በእኛ አገር ያ «ዛሬ» የሚፈተነው በገዛ ቤታችን ነው። ከጠበል የተመለሰ ሰው ገና ከዝክሩ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ጠላ ይቀዳለታል፤ እንቢ ቢል «ለጻድቁ ብለህ ቅመስ» ይባላል። በአንድ ማኅበር ግን ባለ ተራዋ ከጠላው ጋንና ከአረቄው አጠገብ አንድ እንስራ ብርዝ አኑራ አየን። ለሁሉም እኩል እየቀዳች ስታልፍ፣ ማን ጠላ ማን ብርዝ እንደ ያዘ ያስተዋለ አልነበረም።