አጥንትም ሥራ ይፈልጋል

ስለ አጥንት መሳሳት ሲነሣ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለአሮጊቶች እንተወዋለን። ይሁን እንጂ የሴት አጥንት ጥንካሬውን የሚያከማቸው እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን የተከማቸውን ይዞ የመቆየት ዘመን ሲሆን፣ የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት ቶሎ ቶሎ ይሳሳል።

ጅጅጋ ላይ በቢሮ ሥራ የምንተዳደር ሴቶች ተቀምጠን እንውላለን፤ ማታም በባጃጅ ተቀምጠን እንመለሳለን። በዚሁ አካባቢ በአርብቶ አደርነት የኖሩ እናቶች ግን አቃል የሚባለውን የሶማሌ ቤት ራሳቸው ተክለው፣ ራሳቸው ነቅለው፣ እንጨቱንና ሰሌኑን በግመል ጭነው ይጓዙ ነበር። ከባድ ኑሮ ነው፤ እኔ አልመኘውም። ነገር ግን ያ ሸክም ለአጥንት የሰጠውን ወንበር አይሰጥም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ራሱን ያበጃል፤ ጫና ሲያጣ ደግሞ ይደክማል።

ዮጋን የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። መነሻው ህንድ ቢሆንም ለእኛ ቤት የሚከብድ ነገር የለውም፤ አንድ ሰሌንና 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ልጆች ሳይነሡ በግቢዬ ውስጥ በአንድ እግር እቆማለሁ፤ ወንበር ሳይኖር እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቴን አጥፌ እቆያለሁ፤ በሁለት እጄ ግድግዳ እገፋለሁ።

አንድ ቀን በአክብሮት «ኤዶ» የምላቸው ጎረቤቴ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሽመላ የቆምሽው?» ብለው ሳቁ። እሳቸው 60 ዓመት አልፏቸዋል። ሶላታቸውን አድርሰው ከሰሌናቸው ላይ እጃቸውን ሳያስደግፉ ብድግ ሲሉ ግን መሳቅ የሚገባቸው እሳቸው መሆናቸውን አየሁ። ሶላት ስፖርት ነው ማለቴ አይደለም። ከመሬት ያለ ድጋፍ መነሣት ግን ጥሩ የጉልበት መለኪያ ነው፤ እስቲ እናንተም ሞክሩት።

ዮጋ ብቻውን አጥንት ይገነባል ብሎ ማጋነን አይገባም። ዋናው ጥቅሙ እግርን ማጠንከርና ሚዛን መጠበቅ ነው፤ የሳሳ አጥንት በአብዛኛው የሚሰበረው በመውደቅ ነውና። ለአጥንቱ ለራሱ ዳገት መውጣትና ክብደት ማንሣት ይበልጣል። ዳገት ደግሞ አልቸገረንም፤ ካራማራ ከከተማችን በስተምዕራብ ቆሞልናል።

ምግብም አይረሳ። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ የላምም ሆነ የግመል፣ ብዙ ካልሲየም አለው። ካልሲየሙ ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳው ቫይታሚን ዲ በአብዛኛው የሚገኘው ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ የምትል ሴት ግን ፀሐዩን ሳታገኘው ትውላለች። ተሸፋፍነን የምንሄድ ሴቶች በአጥራችን ውስጥ ክንዳችንን ገልጠን ትንሽ ብንቀመጥ ነውር የለውም።

አጥንቷ መሳሳቱን ሐኪም የነገራት እናት፣ ወይም በቀላል መውደቅ የተሰበረች፣ ወገቧን ወደፊት አጥብቃ የምታጎነብስበትን ዓይነት ዮጋ ትተወው፤ የጀርባ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቆማ የምትሠራውን፣ ግድግዳ ይዛ፣ ሐኪሟን ጠይቃ ትጀምር።