ሰልፉና ስሌቱ

ሰልፍ ያልቆመ ተማሪ በመካከላችን ስለማይገኝ የምጽፈው ነገር ለማንም እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው የምዝገባ ዕለት ከአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት በ5 ሰዓት ደረስሁ። ብቆጥር ከፊቴ 60 ሰው አለ። በሰዓቴ ብለካ ጸሐፊው በሰዓት የሚሸኙት 40 ያህል ነው። መስኮቱ የተከፈተው በ2 ሰዓት ስለሆነ ሰልፉ በየሰዓቱ በ20 ሲያድግ ቆይቷል፤ መጪው እንግዲህ በሰዓት 60 ነው ማለት ነው። በ6 ሰዓት ሲዘጋ 80 ሰው ሳይስተናገድ ይቀራል።

ይህ የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሰልፉ ለውጥ ከሚመጣው ላይ የሚሸኘው ሲቀነስ ነው። የሰልፍን ትምህርት መሠረት የጣለው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ሲሆን፣ ስለ ስልክ ጥሪዎች የጻፈው በ1909 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሰው ግን ውኃ አይደለም፤ በዕድል ይመጣል፣ በዕድል ይዘገያል። ታዲያ እንደ ውኃ መቁጠር ስለምን ይቻላል? ቶማስ ከርትዝ በ1970 እንዳረጋገጠው፣ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ የዕድሉ መዋዠቅ ከብዛቱ አንጻር እየጠፋ ይሄዳል፤ ብዛቱ መቶ እጥፍ ሲሆን መዋዠቁ በአንጻሩ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል።

ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ያስደንቃል። እጅግ ብዙ መስኮቶች ከአቅማቸው 90 በመቶ ቢሠሩና እያንዳንዱ ሰው በዕጣ አንዱን ቢይዝ፣ 5 ሰውና ከዚያ በላይ ያለባቸው መስኮቶች 59 በመቶ ይሆናሉ። በዕጣ ሁለቱን አይቶ አጭሩን ቢይዝ ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ! ይህ በ1996 የታወቀ ነው።

የእኛ መስኮት ግን አንድ ነበር። ከኋላዬ ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ይደርሰኛል?» አለኝ። እንደማይደርሰው በደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ። «ይደርስሃል» አልሁት። ወዲያው ከፊት የቆመ ጓደኛዬ «ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ» ብሎ ጠራኝ፤ ሄድሁ፤ ተመዘገብሁ።

በ6 ሰዓት መስኮቱ ሲዘጋ የቀሩት ስሌቴ እንዳለው ሰማንያ ያህል ነበሩ። የእኔ መዝለል ቁጥሩን አልለወጠውም። በእኔ ምክንያት የተመለሰውም ያ ልጅ አልነበረም፤ እርሱማ ቀድሞም አይደርሰውም። የተመለሰው 40ኛ የነበረው፣ መልኩን እንኳ ያላየሁት ሰው ነው።

ኢኩዌሽኑ ስንት ሰው እንደሚቀር በትክክል ነገረኝ። ማን እንደሚቀር ግን አይጠይቅም፤ ያን የወሰንሁት እኔ ነኝ። ለልጁ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ደግሞ ቢያንስ ምሳውን በጊዜው ይበላ ነበር።